ቫይረስና ወንድነት ምንና ምን ናቸው?

በሐርጌሳ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ሲታመም ሁለት ጊዜ ይታመማል። የመጀመሪያው የሰውነቱ ሕመም ነው፤ ሁለተኛው የቃላት ሕመም ነው። ከጅግጅጋና ከቶጎ ውጫሌ አልፎ መጥቶ በሆቴል አስተናጋጅነት፣ በግንበኝነት ወይም በጋራዥ ሥራ የሚተዳደረው ይህ ሰው ለገበያና ለሥራ የሚበቃ ሶማልኛ አያጣም፤ ሐኪም ፊት የሚያቆም ሶማልኛ ግን የለውም። ሐኪሙም ብዙውን ጊዜ አማርኛ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱ በእንግሊዝኛ ፍርፋሪ ይነጋገራሉ። በመጨረሻ ሐኪሙ ከላቦራቶሪ የመጣውን ወረቀት ተመልክቶ «ቫይራል ነው» ይላል። ጉንፋን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ የጉበት ብግነት ማለቱም ሊሆን ይችላል። ታማሚው ጆሮ የደረሰው ግን ሌላ ነው። በእርሱ አማርኛ ቫይረስ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ስሙ የማይጠራው ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ መድኃኒቱን ሳይገዛ፣ ቀጠሮውን ሳይጠይቅ ይወጣል። ሁለተኛ በዚያ ክሊኒክ ደጃፍ አያልፍም።

ጥፋቱ የሐኪሙ አይደለም። ሐኪሙ ቃሉን በቦታው ተጠቅሞበታል። ጥፋቱ ቃሉን ከባሕር ማዶ ተቀብለው ትርጉሙን ወደብ ላይ ጥለው የገቡት ሰዎች ነው፤ ማለትም አማርኛን በጋዜጣ፣ በሬዲዮ፣ በሥልጠና አዳራሽና በመድረክ ሲያስተዳድሩ የኖሩት ሰዎች። «ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ያለባቸው»፣ «ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ወገኖች»፣ «ራስን ከቫይረሱ መጠበቅ» እየተባለ ከሃያ ዓመታት በላይ ሲጻፍና ሲነገር፣ የትኛው ቫይረስ እንደሆነ መናገር ትርፍ ድካም መስሎ ቀረ። ሳድሱ «ስ» ወደ ካዕቡ «ሱ» ሲለወጥ ነገሩ ሁሉ የታወቀ ሆኖ አረፈው። ከዚያ ወዲያ ጉንፋን ቫይረስ መሆኑ ቀረ፤ ኩፍኝም ቀረ፤ ያበደ ውሻ የሚያስተላልፈው በሽታም ቀረ። አንዲት የመጠቆሚያ ድምፅ የአንድን ሙሉ የሳይንስ ዘርፍ ቃል ዋጠችው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሳይበቃ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቁ ሊቃውንት ነን ባዮች አንድ ተረት ጨመሩበት። መዝገበ ቃላት ሲገልጡ «ቫይረስ» እና ወንድነትን የሚያመለክተው «ቪሪሊቲ» በአንድ ገጽ አካባቢ ተቀምጠው ያገኟቸዋል። ሁለቱም በሦስት ተመሳሳይ ፊደላት ይጀምራሉ። ከዚህ ተነሥተው ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው ይላሉ። ቀጥሎ ስብከቱ ይከተላል። አንዱ ወገን በሽታው የወንድነት ቅጣት መሆኑን ፈረንጅ ራሱ በቃሉ መስክሯል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ይገለብጠውና ነገሩ የወንድ ነው፣ ያልደፈረ አይነካውም፣ የነካውም ወንድ ነው እያለ በጫት ቤት ያወራል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ የቆሙት በአንድ የተሳሳተ ወለል ላይ ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። በጥንቱ ላቲን «ቫይረስ» ማለት መርዝ ነው። የእባብ መርዝ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ የሚያዝለገልግና የሚከረፋ ፈሳሽም እንዲሁ። «ቪር» ግን ወንድ፣ ባል፣ ተዋጊ ማለት ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ዝምድና የለም። በላቲን አነጋገር የመጀመሪያው ቃል አናባቢ ረጅም ነው፤ የሁለተኛው አጭር ነው፤ በጽሕፈት ግን ልዩነቱ አይታይም። አማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሮም ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። በራሱ ቋንቋ «አለ» ብሎ ጽፎ ሁለት ነገር ያነባል፤ አንዱ ላልቶ ተናገረ ማለት ነው፣ ሌላው ጠብቆ ኖረ ማለት ነው። «ገና» ጠብቆ የልደት በዓል ነው፣ ላልቶ ደግሞ ያልደረሰ ጊዜ ነው። ስለ ገና በዓል ሲነገር በዓሉ ገና ያልደረሰ በመሆኑ እንዲህ ተባለ የሚል ሰው ቢነሣ የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃን እንኳ ይስቅበታል። የቫይረስና የቪሪሊቲ ተረት ከዚህ አይሻልም።

ይህን የሚያረጋግጠው ላቲን ብቻ አይደለም። የላቲን ሩቅ ዘመድ በሆነው በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት መርዝ «ቪሻ» ሲሆን ጀግና ደግሞ «ቪራ» ነው። ሁለቱ ቃላት ከሺህ ዓመታት በፊት በየራሳቸው ጎጆ ይኖሩ እንደነበር ከዚህ ይታያል። በሐርጌሳ ስንት የሕንድ ፊልም እየታየ ያደገ ሰው ይህን ሳያውቀው በጆሮው ሰምቶታል። እንግሊዝኛም ራሱ የ«ቪር»ን ወንድም ከድሮ ጀምሮ በቤቱ አኑሮታል፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ወንድ «ዌር» ይባል ነበር። ሰው ተኩላ የሚሆንበት ተረት «ወርዉልፍ» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ዓለም ማለት የሆነው «ወርልድ» እንኳ «ዌር» እና ዘመን የሚል ቃል ተጋጥመው የተሠራ ነው፤ የሰው ዘመን እንደማለት። በዚህ ሁሉ ውስጥ መርዝ የለም።

መርዙ ወደ ሕክምና የገባበት መንገድም የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1798 ስለ ላም ፈንጣጣ ባሳተመው መጽሐፍ «ቫይረስ» የሚለውን ቃል ሲጠቀም ከቁስል የሚወጣውንና በሽታ የሚያስተላልፈውን ነገር ማለቱ ነበር እንጂ ዛሬ በትምህርት ቤት የሚሳለውን ጥቃቅን አካል አላየውም፤ ማየትም አይችልም ነበር። ራሽያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1892፣ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤይሪንክ ደግሞ በ1898 የታመመ የትንባሆ ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ውስጥ ካለፈ በኋላም ጤነኛውን ቅጠል እንደሚያሳምም አሳዩ። ቤይሪንክ ለዚህ ለማይታየው ነገር የቆየውን የመርዝ ስም ሰጠው። እንግዲህ ዘመናዊው ቫይረስ ስሙን ያገኘው ከትንባሆ ቅጠል ነው። ትንባሆ ወንድ ነው ሴት ብሎ የሚጠይቅ ካለ ይጠይቅ።

እግረ መንገድ ስለ ብዙ ቁጥሩም አንድ ነገር ማለት ይገባል። በእንግሊዝኛ ራሳቸውን አራቅቀው የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች፣ በተለይም ኮምፒውተር ዐዋቂዎች፣ ቫይረሶች ለማለት «ቫይራይ» ብለው ይጽፉ ነበር፤ አሁንም የሚጽፍ አይጠፋም። ላቲን ያወቁ መስሏቸው ነው። በጥንቱ የላቲን ጽሑፍ ግን ቃሉ ብዙ ቁጥር የለውም፤ ውኃ አይቆጠርም እንደሚባለው መርዝም አይቆጠርም ነበር። በአንድ «አይ» የሚጻፈው «ቪሪ» ደግሞ ወንዶች ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ስለሚያጠቁ ቫይረሶች በላቲን ሊጽፍ የተነሣው ሰው ኮምፒውተሩን ወንዶች ወረሩት ብሎ ቁጭ ይላል። በዚህ መሳቅ ይቻላል፤ ነገር ግን የአማርኛ ጸሐፊ ሲስቅ ይጠንቀቅ። «ተሕዋስያን» ብዙ ቁጥር መሆኑን ረስቶ «ተሕዋስያኖች» ብሎ የሚጽፈው፣ «መጻሕፍቶች» እና «መምህራኖች» እያለ ብዙውን በብዙ የሚያባዛው ከዚሁ ሰፈር ነው። ያልገባን ቃል አሳምሮ ለመጥራት የሚደረግ ሩጫ በሁሉም ቋንቋ መድረሻው አንድ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ለመመለስ፣ ላቲን ያላዛመዳቸውን ሁለቱን ነገሮች ያዛመደው የአማርኛ አነጋገር ነው። ለዚህ ደግሞ መሠረቱ ቀደም ብሎ ተጥሎ ነበር። ሮማውያን ከ«ቪር» «ቪርቱስ» የሚል ቃል አወጡ፤ ወንድነት፣ ጀግንነት ማለት ነው። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ቨርቹ» ሆነ፤ ትርጉሙም ከጦር ሜዳ ወጥቶ ምግባር፣ መልካም ባሕርይ ሆነ። ውሎ አድሮ ከወንድ ይልቅ ለሴት ንጽሕና የሚነገር ቃል እስከመሆን ደረሰ። የኪነ ጥበብ ሊቅ የሚባልበት «ቨርቹዎሶ»፣ በኮምፒውተር ዘመን የተለመደው «ቨርቹዋል» ሁሉ የዚያው የ«ቪር» የልጅ ልጆች ናቸው። እንግሊዝኛ እንዲህ እያለ ወንድነትን ከወንድ አላቀቀው። አማርኛ ግን እዚያው ሮም በር ላይ ቆሟል። ዛሬም ደፋር ሴት ስትመሰገን «ወንድ ናት» ይባላል። ቃሉን የጠበቀ፣ ዕዳውን የከፈለ ሰው «ወንድ ነው» ይባላል፤ የፈራ ደግሞ «ሴት ነህ እንዴ?» ተብሎ ይሰደባል። ሶማልኛም በዚህ አይታማም፤ «ራግ» ወንዶች ናቸው፣ «ራጋኒሞ» ደግሞ ጀግንነት ነው። በሐርጌሳ የሚኖር ሐበሻ ወንድ በሁለት ቋንቋ ወንድ ሁን እየተባለ ይውላል ማለት ነው።

አንድ ቋንቋ ጀግንነትን በወንድ ስም ቢጠራ ብቻውን ያን ያህል ጉዳት ባልኖረው። ጉዳቱ የሚመጣው ይኸው መለኪያ ወደ ሐኪም ቤት ሲገባ ነው። በአማርኛ የወንድን የግብረ ሥጋ ችግር ለመሰየም የተመረጠውን ቃል መመልከት ይበቃል፤ «ስንፈተ ወሲብ» ይባላል። «ወሲብ» በግዕዝ ከማግባት ጋር የተያያዘ የተከበረ ሥር ያለው ቃል ነው። «ስንፈት» ግን ከሰነፈ የመጣ ነው። ስለዚህ የስኳር በሽታ የደም ሥሩንና ነርቩን የጎዳው፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም በጭንቀት ያልተኛ ሰው ገና ምርመራ ሳይደረግለት በስሙ ብቻ ሰነፍ ተብሎ ተፈርዶበታል። ትምህርቱን ያላጠና ተማሪና ስኳር ያለበት አባወራ በአንድ ቃል ይከሰሳሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ከዚህ ንጹሕ አልነበሩም፤ ለብዙ ዘመን «ኢምፖተንስ»፣ ማለትም ኃይል ማጣት፣ ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ይህ ቃል ግራ የሚያጋባና የሚያዋርድ ነው ብለው የአካል አሠራርን ብቻ በሚገልጽ ሌላ ቃል እንዲተካ መከሩ። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1998 ቫያግራ ለሽያጭ ተፈቀደ። አማርኛ መድኃኒቱን ከነስሙ ተቀበለ፤ ምክሩን ግን አልተቀበለም። ውጤቱ በየከተማው ይታያል። ሰነፍ ላለመባል ከሐኪም የሚሸሸው ወንድ ክኒኑን በሹክሹክታ ገዝቶ ይውጣል። ለልብ ሕመም የሚታዘዙ የናይትሬት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ይህን ክኒን ቢጨምርበት የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት እንደሚችል የሚነግረው የለም፤ ሹክሹክታ ምክር አይጨምርም።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ቃላት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን ይሆናል? በአንድ ወገን ትርጉሙ ጠቦ ነውር ብቻ የሆነ «ቫይረስ» አለ። በሌላው ወገን ደካማ መሆንን የማይፈቅድ «ወንድነት» አለ። ወንድ አይታመምም፤ ከታመመም ጉንፋን ነው ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2017 ለዓለም የኤድስ ቀን ባወጣው ዘገባ ትኩረቱን በሙሉ በወንዶች ላይ አደረገ። ወንዶች ከሴቶች ይልቅ የኤች አይ ቪ ምርመራ የማድረግ፣ ሕክምና የመጀመር ዕድላቸው ያነሰ፣ በኤድስ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ የበለጠ መሆኑን አስታወቀ። በሽታው ሴቶችን አይምርም፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ኤች አይ ቪ በደማቸው ከሚገኝ ሰዎች መካከል የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ነገር ግን ሴቷ በእርግዝና ክትትል ጊዜ ትመረመራለች፤ ወንዱን ሐኪም ፊት የሚያቆመው እንዲህ ያለ አጋጣሚ የለም። ወንድነቱ አስቀድሞ የወንዱን አንደበት ያስራል፤ ቀጥሎ ወደ ቤቱ ይሻገራል።

በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መኖር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። ነጻ የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ስንት ቤት እንደተዘጋ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። መድኃኒቱ መጥቶ፣ በአግባቡ የሚወስደውና በደሙ ያለው የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ የሆነ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ እንደማያስተላልፍ ተረጋግጦ፣ ጤነኛ ልጅ መውለድ ተችሎ፣ ቃሉ ግን እዚያው በሞት ዘመን ላይ ቆሞ ቀረ። ሕክምናው ሲራመድ አማርኛው አልተራመደም።

ለዚህ አነጋገር የሚቆሙ ሰዎች አንድ የሚከበር መከራከሪያ አላቸው። መሸፈን ጨዋነት ነው ይላሉ። አማርኛ የሰምና ወርቅ ቋንቋ ነው፤ ሰውን በስም ጠርቶ ማቁሰል ባህሉ አይደለም፤ ለታመመ ሰው «ቫይረሱ» ማለት «ኤድስ» ከማለት ይለሰልሳል ይላሉ። ይህ መከራከሪያ በዘመኑ እውነትነት ነበረው። ሰው ከቤት በሚባረርበት፣ የበላበት ሣህን በሚሰበርበት ጊዜ ለስለስ ያለ ቃል መጠለያ ሆኖ አገልግሏል። ነገር ግን ሰምና ወርቅ ጥበብ የሚሆነው ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ሲገኝ ነው። እዚህ ሰሙ ቀልጦ የተገኘው ወርቅ ሳይሆን ድንጋጤ ነው። ከዚህም በላይ መጋረጃው የሚጠቅመው ለታመመው መሆኑ ቀርቷል፤ የሚጠቅመው አፉን ማሳደፍ ለማይፈልገው ለተናጋሪው ሆኗል። ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ራሳቸው እንደ ተስፋ ጎህ ባሉ ማኅበራት ተደራጅተው፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ፣ በሽታቸውን በስሙ ጠርተው በአደባባይ ሲናገሩ ታይተዋል። ባለቤቱ የጠራውን ስም ጎረቤት የሚደብቅበት ምክንያት ምንድን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረትም አማርኛ ነው፤ ከሰምና ወርቅ አያንስም።

ደግሞም መሸፈን የአባቶች ልማድ ነው የሚለው አባባል በታሪክ አይደገፍም። አባቶች በሽታን ሲሰይሙ እጅግ ግልጽ ነበሩ። ፈንጣጣ፣ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ ቢጫ ወባ፣ የልጅነት ልምሻ፣ አልማዝ ባለጭራ፤ እነዚህ ሁሉ ዛሬ በቫይረስ እንደሚመጡ የታወቁ በሽታዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ስም፣ የራሱ መልክ አለው። አልማዝ ባለጭራ የሚለውን ስም ያወጣ ሰው በጎን ላይ እየተሳበ የሚሄደውን ሽፍታ በዓይኑ ተመልክቶ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ፣ ዓለም የስፔን ኢንፍሉዌንዛ ያለው፣ ሰዉ ስም ቢያጣለት በወሩ ጠርቶ የኅዳር በሽታ አለው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ በዚያ በሽታ ተይዘው ድነዋል። የሰውን ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፤ እስከዛሬ ድረስ ግን ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ይታጠናል። ስሙ ስላለ ትዝታው አለ። የሶማሌ ሕዝብም እንዲሁ አድርጓል፤ ፈንጣጣን «ፉሩቅ»፣ ጉንፋንን «ሐርገብ» ብሎ ለይቶ ይጠራል፤ የልጅነት ልምሻን ከነፋስ ጋር አያይዞ ሰይሞታል።

የፈንጣጣ ነገር ለዚህ አካባቢ ነዋሪ ልዩ ቦታ አለው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዓለም በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በሶማሊያ በመርካ ከተማ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ የነበረው አሊ ማዎ ማሊን ነው፤ ጊዜው ጥቅምት 1977 እ.ኤ.አ. ነበር። ዳነ። በኋላም በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ስለ ልጅነት ልምሻ ክትባት ሕዝቡን ሲያስተምር ኖሮ በ2013 አረፈ። እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ያ ዘመቻ የተሳካው ክታቢዎች ሥዕል ይዘው ከቤት ወደ ቤት፣ ከድንኳን ወደ ድንኳን እየሄዱ እንደዚህ ያለ ሽፍታ ያለው ሰው አለ ወይ ብለው በመጠየቃቸው ነው። ይህን የጠየቁት በኦጋዴን አሸዋ ላይ፣ በአርብቶ አደሩ ቋንቋ ነው። በ«ሱ» ተጠቁሞ የጠፋ በሽታ የለም።

ሌላው ጽንፍ ደግሞ አለ። ቃሉን ጨርሶ አውጥተን በግዕዝ እንተካው የሚሉ ወገኖች ናቸው። ሐሳባቸው ቅን ነው፤ ግን አይሠራም። «ረቂቅ ተሕዋስያን» የሚለው ስያሜ ባክቴሪያውንም፣ ፈንገሱንም፣ ቫይረሱንም አንድ ላይ ይጠቀልላል። ልዩነቱ ግን የቃል ጨዋታ አይደለም። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን ይገድላል፤ ቫይረስን አይነካም። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን የሚገዛው ሰው ገንዘቡን ይከስራል፤ ባክቴሪያውንም መድኃኒት ያለማምዳል። በትምህርት ቤት መጽሐፍ «ሕዋስ» የተባለው ነገር በቫይረስ ውስጥ የለም፤ ቫይረስ የሌላውን ሕዋስ ሰብሮ ገብቶ የሚባዛ ነው። እንዲህ ያለው ነገር የራሱ ስም ያስፈልገዋል። «ቫይረስ» በአማርኛ ከገባ ቆይቷል፤ «ቫይረሶች» ብሎ ይረባል፣ ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ የውጭ መሆኑ አይደለም። ችግሩ ከተዋስነው በኋላ የማን መሆኑን አለመናገራችን ነው።

ቃሉ ከእስራቱ ሊፈታ እንደሚችል ደግሞ ታይቷል። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሮና ሲገባ የጤና ሚኒስቴር በየቀኑ «በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ቁጥር» እያለ ያስታውቅ ነበር። ሚኒስትርም፣ የኪነ ጥበብ ሰውም፣ ሰባኪም «ቫይረሱ ተገኝቶብኛል» ብሎ በአደባባይ ተናገረ፤ ማንም አልሸሸም፤ ወንድነቱም አልጎደለ። ወረርሽኙ ሲበርድ ግን ቃሉ ወደ ድሮ ጉድጓዱ ተመለሰ። ለምን? ያኔ «ኮሮና» የሚለው ስም ከፊት ይቀድም ስለነበር ነው። ስሙ ሲነሣ «ሱ» ብቻዋን ቀረች።

በዚህ ጉዳይ የኢንተርኔት ቤት ልጆች ከሊቃውንቱ ይበልጣሉ። ፍላሽ ይዞ የመጣን ደንበኛ «ፍላሽህ ቫይረስ አለው» ሲሉት አይደነግጥም፤ ፍላሹንም አይጥለውም። አንቲ ቫይረሱ ይፈትሻል፤ የተገኘውን በስም በስሙ ይዘረዝራል፤ የሚጠፋው ይጠፋል፤ የማይጠፋው ተለይቶ ይቀመጣል። ለስምንት ጊጋ ፍላሽ የሚደረገው ጥንቃቄ ለሰው ልጅ ደም መከልከሉ ያስገርማል።

ያ ወረቀቱን አጥፎ የወጣው ሰው ምናልባት የነበረበት ሄፓታይተስ ቢ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሚስቱና ልጆቹ ክትባት ነበራቸው። ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ ደግሞ ዛሬ በጥቂት ወራት ክኒን ይድናል። ኤች አይ ቪ ቢሆን እንኳ መድኃኒቱን ይዞ ልጆቹን የሚድርበት ዕድሜ ይጠብቀው ነበር። ጉንፋንም ከሆነ ትኩስ ነገር ጠጥቶ በሳምንቱ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። አራቱን የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለመጠየቅም ብዙ ሶማልኛ አይፈልግም። ሶማልኛ የጥያቄውን ቃል ከስሙ መጨረሻ ጋር አጣብቆ ይናገራል፤ «ፋይረስኬ?» ይባላል፤ የትኛው ቫይረስ ማለት ነው።